ለጊዜው የተገጠመ ሞተር

ዝማሬ ወልደሥላሴ ከነጂብ ጋራዥ ደጃፍ ስትደርስ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ሹራቧ ከደረቷ እስከ ወገቧ ማር ነበር። ያደረሳት የባጃጅ ሾፌር «አይዞሽ እህቴ» ሲላት ዞር ብላም አላየችው። ነጂብ ከአንድ ሚኒባስ ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ኮቴዋን ያውቀዋልና ገና ሳያያት ፈገግ አለ። ተንሸራትቶ ወጥቶ ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«መኪናዋስ?» አለ።

«መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መኪናዋ ነው?»

«አይ... ምን ሆንሽ? ተጎዳሽ?»

«እኔ አልተጎዳሁም። የተጎዱት ጋሽ ሣህሌ ናቸው። ሆስፒታል አስገብቻቸው ነው የመጣሁት። የቀኝ እጃቸው ጣቶች...» ትንፋሿን ሰብስባ ጮኸች፤ «ሞተርህ ዳገት መሃል ሞተ፣ ነጂብ! ሞተ!»

ጋሽ ሣህሌ የጌሻ ሰው ናቸው። ከጫካ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲያወርዱ ያረጁ፣ ድሮ ለዝማሬ አባት፣ አሁን ደግሞ ለእርሷ ማር የሚያቀርቡ። ያን ዕለት ጠዋት ከጌሻዋ ደካ ከተማ ማር ጭነው አብረው ወደ ቦንጋ ሲመጡ፣ ዝናብ ያጨቀየው ዳገት ላይ አሮጌዋ ላንድሮቨር ትንፋሽ አጠራት። ዝማሬ ማርሽ ቀነሰች፤ ቤንዚን ሰጠች፤ ሞተሩ ተንደፋደፈና ጸጥ አለ። ፍሬኑ ጭነቱን ሊይዘው አልቻለም። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ጋሽ ሣህሌ ዘለው ወረዱና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቁ። መኪናዋ ቆመች። እጃቸው ግን ከድንጋዩ ጋር ተይዞ ቀረ። ዝማሬ ከመንገደኞች ጋር ሆና እጃቸውን ለማስለቀቅ ስትታገል ነበር ከፈነዳው ባልዲ የወረደው ማር ልብሷን የነከረው።

«ስንት ጊዜ ለመንኩህ?» አለች። «ካርቡራተሩን ቀይርልኝ አላልኩም? የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አሠራልኝ፣ ራዲያተሩን አሳድገው፣ ፍሬኑን እየው አላልኩም? አንተ ምን ትለኛለህ? ‹ለጊዜው በተገጠመ ሞተር ላይ ይህን ያህል አይደከምም። የአባትሽ ሞተር እስኪመጣ ነው፤ ታገሺ።› ታገስኩ። ይኸው!»

ነጂብ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ሲያበቃ እንደገና ጠረገ።

መኪናዋ የመምህር ወልደሥላሴ ነበረች፤ በዕድሜ ዝማሬን ትበልጣለች። መምህሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማር ሲነግዱባት ኖሩ። ሲሞቱ ንግዱም መኪናዋም ለብቸኛ ልጃቸው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ ክራንክሻፍት ተሰበረ። ነጂብ ሞተሩን አውርዶ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ላከውና ሥራዋ እንዳይቆም ከአንድ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ሞተር አመጣ። በብረት ቁራጭና በብሎን አስደግፎ «ለጊዜው ይህ ይሁንሽ» ብሎ ገጠመላት። ፍቅራቸው የተጀመረው ያን ሰሞን ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ አጎንብሰው፣ አንዳቸው የሌላቸውን ትንፋሽ እየሰሙ።

ቦንጋ ግን ሰው ከሰው የማይደበቅባት ከተማ ናት። የነጂብ አባት ሐጂ ኸይረዲን ገና በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ዛሬ ትልቁ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት የሆኑ፣ ስማቸው የተከበረ ሰው ናቸው። የዝማሬ እናት እትዬ በዛወርቅ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ፣ ከማኅበራቸው አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። የሐጂ ልጅና የመምህር ወልደሥላሴ ልጅ አንድ ሻይ ቤት አብረው ቢቀመጡ ወሬው ከእነርሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። መኪና ይዛ ጋራዥ የቆመችን ሴት ግን ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይላትም።

«ዝማሬ፣ ስሚኝ» አለ ነጂብ በመጨረሻ። ድምፁ እንግዳ ሆነባት። «መኪናዋን አስጎትቼ አመጣታለሁ። ሁሉንም እሠራዋለሁ። ካርቡራተሩንም፣ ፍሬኑንም...»

«ዛሬ? ጋሽ ሣህሌ እጃቸውን ከሰጡልህ በኋላ?»

አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። ዓይኖቹ ግን ከዓይኖቿ ሸሹ። ከዚያ በፊት ሸሽተዋት አያውቁም። ዝማሬ ያን አየች። ቁጣዋ በረታ፤ ከቁጣዋ ሥር ግን ስም የሌለው ፍርሃት ገባ። መኪናዋን የሚጎትት ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ነግራው ወጣች። እየሄደች ጀርባዋን እንደሚያያት ታውቅ ነበር፤ እንዲጠራት ፈለገች፤ ቢጠራት ግን እንደምትጠላው ተሰማት።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የእንግዳ ወንበር ይዛ ተቀምጣ ሳለች ፈርዶስ መጣች። ፈርዶስ የነጂብ ታናሽ እህት ናት፤ በአባቷ መደብር ገንዘብ ተቀባይ። ከዝማሬ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ቢማሩም ጓደኛሞች ሆነው አያውቁም። ሻሿን እየነካካች ቆመች።

«አባቴ ነው የላከኝ» አለች። «ሞተርሽን እንድትወስጂ ብሏል።»

«የትኛውን ሞተር?»

«የአባትሽን ነዋ። መጋዘን ያለውን።»

ዝማሬ ቀና አለች። ፈርዶስ ፊቷን ስታይ ደነገጠችና አፏን በእጇ ያዘች። «አታውቂም እንዴ? ነጂብ አልነገረሽም?»

«መቼ መጣ?»

«ተይው ዝማሬ፤ እሱን ጠይቂው፤ እኔ...»

«ፈርዶስ፤ መቼ መጣ?»

«ክረምቱ ሳይገባ ነው» አለች ፈርዶስ፤ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሶ። «ተሠርቶ አልቆ፣ ተቀብቶ መጣ። ነጂብ ከሲሚንቶው ጀርባ በሸራ ሸፍኖ አስቀመጠው። አባቴ ትናንት የሽማግሌውን አደጋ ሲሰማ ሸራውን ገልጦ አየው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።» ከዚያ የዝማሬን ክንድ ያዘች። «ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሜ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ዝማሬ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ክረምቱን በሙሉ፣ በዚያ ጭቃ፣ በየዳገቱ እግር ስር ቆማ ስታማትብ፣ ማርሽ ስታስገባ፣ «አባቴ ድረስልኝ» ስትል ከረመች። የአባቷ ሞተር ደግሞ ከቤቷ ተጠርቶ የሚሰማ ያህል ርቀት ላይ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። የተታለለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ንዴት ይመስላል። ዝማሬ የተሰማት ሐፍረት ነው። ጨርቅ እንደገፈፏት ያለ ሐፍረት።

ሐጂ ኸይረዲን መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ረጅም፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሰላምታዋን በአጭሩ መልሰው ወደ ውስጥ መሯት። በሲሚንቶ ከረጢትና በቆርቆሮ ክምር መሃል አልፈው ሸራውን በእጃቸው ገለጡት። ሞተሩ አረንጓዴ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ዝማሬ አባቷ እሑድ እሑድ በጨርቅ ሲወለውሉት የምታውቀውን ያንን ብረት አየች።

«ልጄ ሌባ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ግን የሰው ንብረት ደብቋል። ለምን እንደደበቀ እኔም አንቺም እናውቃለን። ውሰጂና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ከእንግዲህ ይህን በርም ሆነ ያንን ጋራዥ የሚያስረግጥሽ ጉዳይ የለም።»

ነጂብ እየሮጠ የገባው ይህን ጊዜ ነው። ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁ እንደ ጠቆረ። አባቱን አየ፤ ሸራውን አየ፤ ከዚያ እሷን።

ዝማሬ አልጮኸችም። ጩኸቷን ትናንት ጨርሳለች።

«ተሠርቶ አልቆ ነበር?»

«አልቆ ነበር።»

«ልትገጥመው ምን ጎደለህ? ዕቃ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ነጂብ አባቱ ፊት መናገር ከበደው። ከዚያ ግን ነገሩን እንደ መርዝ ተፋው። «ይህ ሞተር ከተገጠመ መቼ ትመጫለሽ? ለእናትሽ የት ነበርኩ ትያቸዋለሽ? እኔስ ከዚህ ቤት ምን ብዬ እወጣለሁ? ጤነኛ መኪና ያላት ሴት ጋራዥ ምን ትሠራለች? ያለን የተበላሸ መኪና ብቻ ነበር፣ ዝማሬ! ያኛውን ሞተር አሻሽልልኝ ባልሽኝ ቁጥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነበር የምነካካው። ካሻሻልኩት ትሄጃለሽ ብዬ።»

«እኔን ግን አልጠየቅከኝም።»

«ምን ብዬ?»

«‹ያለ ምክንያት ትመጫለሽ ወይ› ብለህ! እመጣ ነበር ይሆናል። እናቴን ፊት ለፊት እናገር ነበር ይሆናል። አንተ ግን እኔን ከመጠየቅ ሞተር መደበቅ ቀለለህ። እኔን ፍሬን በሌላት መኪና ዳገት ላይ ልኮ፣ መመለሴን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀለለህ። ቀጠሯችንን በጋሽ ሣህሌ እጅ ነው የገዛኸው!»

ነጂብ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። «አባ፣ ይህቺን ልጅ እወዳታለሁ። ዛሬ አይደለም፤ ከድሮ ጀምሮ። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

ሐጂ ኸይረዲን መልስ ሳይሰጡ ዝማሬ ሳቀች። ሳቋ ከልቅሶ የከፋ ነበር።

«አሁን ነው የምትለው? ስትያዝ? ይህን ቃል ስንት ጊዜ በልቤ ሰምቼዋለሁ፤ የምትናገርበትን ቦታ ሳይቀር አስቤ ነበር። እዚህ ሲሚንቶ መሃል፣ ጥፋትህን ለመሸፈን ትለዋለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ ሐጂ። ለማን እንደተናገሩት አልታወቀም።

«ሐጂ፣ እኔም አልለመንኩዎትም» አለች ዝማሬ።

ደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ዝማሬ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ወደ ነጂብ ቀረብ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደ መካኒክ መልስልኝ፤ ሌላ ቃል አትጨምርበት። ለደካ ዳገት፣ ለሙሉ ጭነት፣ የቱ ሞተር ይሻለኛል?»

ነጂብ ሲመልስ ዓይኖቹ አልሸሹም።

«የአባትሽ ሞተር እምነት የሚጣልበት ነው፤ ግን ያረጀ ነው። ጭነቱን ብታጋምሺ ቀስ ብሎ ያወጣሻል። ለሙሉ ጭነት ያኛው የፒክአፑ ይሻላል። ግን በትክክል ከተሠራ ነው። ቴስታታው ተስሎ፣ ካርቡራተሩ ተቀይሮ፣ ራዲያተሩ አድጎ፣ ፍሬኑ በሙሉ ታድሶ። ግማሹን ሠርቶ ግማሹን መተው የለም። ጉልበት ጨምረሽ ፍሬን ካልጨመርሽ መኪናዋ ትገድልሻለች። ሞተሩም በቁራጭ ብረት ተደግፎ መቀመጥ የለበትም። የድሮው ሞተር መቀመጫ ከሻንሲው ላይ ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ የአባትሽ ሞተር ወደ ቦታው አይመለስም።» እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። «እስከ ዛሬ ያልነካሁት ሻንሲው እንዳይቆረጥ አዝኜ ነው ብልሽ ውሸት ነው።»

«ቁረጠው» አለች ዝማሬ።

«ዝማሬ...»

«ቁረጠው። የምጠብቀው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ይህን ሞተር ግን እኔ አልሸከምም፤ ያስቀመጠው ሰው ያውጣው። ደግሞ ወደ ጋራዥህ አልመጣም። መኪናዋ እኛ ግቢ ናት። ከደፈርክ መሣሪያህን ይዘህ በፊት በር ትገባለህ፤ በቀን፣ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ። ከፈራህ ከጅማ ሌላ መካኒክ አስመጣለሁ።»

ሐጂ ኸይረዲን ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። ድምፃቸው አሁንም ዝቅ ያለ ነበር። «ያን ግቢ መሣሪያ ይዘህ ከገባህ፣ የዚህን ቤት ቁልፍ አስረክበህ ሂድ።»

ዝማሬ መልሱን ለመስማት አልቆመችም። ዝናቡ ውስጥ ገብታ ሄደች። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም። ያለቀሰችው የአስፋልቱን ኩርባ ካለፈች በኋላ ነው። ያስለቀሳት ማጭበርበሩ ይሁን ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ይመጣ ይሆን ብላ መጓጓቷ፣ ለራሷም አልለይላት አለ።

እትዬ በዛወርቅ ነገሩን በሙሉ ከጎረቤት ሰምተው ጠበቋት። በጫማዋ ጭቃ አልተናደዱም፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይናደዱ ነበር።

«ሰው ሲለኝ አላመንኩም» አሉ። «ልጄ ማር ትነግዳለች፣ ጋራዥ የምትመላለሰው ለሥራ ነው እያልኩ ስከራከርልሽ። ለካ ጅሏ እኔ ነኝ!»

«እማዬ፣ አልዋሸሁሽም። መኪናዋ በእውነት ትበላሽ ነበር።»

«ለምን ትበላሽ እንደነበርማ ሰማን! ደግሞ የአባትሽን መኪና ላስቆርጥ ብለሻል አሉ። ሞተሩ ተሠርቶ ተቀምጦ! ወልደሥላሴ ምን በደለሽ?»

«አባዬ አልበደለኝም። አባዬ እዚያ ዳገት ላይ የለም፤ እኔ ነኝ ያለሁት።»

እትዬ በዛወርቅ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናግረው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲቆጡ ወደ እናት ቋንቋቸው ይመለሳሉ። ቤቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ ቃል የሚባል ነገር ጠፋ። እናትና ልጅ አንድ ትሪ ላይ ቀርበው ሳይተያዩ ይበላሉ። ላንድሮቨሯ ግቢው መሃል ኮፈኗን ዘግታ ዝናብ ይወርድባታል። ነጂብ አልመጣም። ስልክም አልደወለም። ዝማሬ የውጭው በር ቆርቆሮ በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ወደ በሩ ታይና በራሷ ትናደዳለች። የጅማውን መካኒክ ስልክ ቁጥር ከአንድ ሾፌር ተቀብላ ያዘች፤ ግን አልደወለችለትም።

ጋሽ ሣህሌ ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ደረሰና ልትወስዳቸው ሄደች። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ጣቶቹ እንደሚድኑ፣ እንደ ቀድሞው ግን እንደማይታጠፉ ነግሯቸዋል።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር» አሏት፣ ገና ከመቀመጧ።

«የቱ ልጅ?»

«የሐጂ ልጅ ነዋ። ማን ሆኖ? የመጣ ቀን እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ የሠራውን ሁሉ ነገረኝ። ሞተሩን መደበቁን፣ ያኛውን አለመሥራቱን። ሰደብኩት። የማውቀውን ስድብ ጨርሼ የአባቴን ስድብ ጨመርኩ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ሾርባ መጣ፤ በግራ እጄ አልችል ብዬ ስደፋው ማንኪያውን ተቀብሎ አበላኝ።»

«ይቅር አሉት?» አለች ዝማሬ።

«አላልኩትም። እጄ ሲድን ነው የማስብበት አልኩት። ‹እሺ፣ ነገም እመጣለሁ› አለኝ። መጣም። በየቀኑ መጣ። እኔም በየቀኑ ሰደብኩት።» ሽማግሌው ሳል ሳል አሉ፤ ሳቅ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው። «ስድብ አለቀብኝ፣ ልጄ። አሁንስ የሚመጣው ጸጥ ብለን ለመቀመጥ ነው።»

ልትራራለት ቃጣት። ወዲያው ራሷን ገታች። ሽማግሌ ማብላት ያጠፋውን አያጠፋውም አለች ለራሷ። ጋሽ ሣህሌን ወደ ደካ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ፣ በመስኮት ግራ እጃቸውን ጨብጣ ስትለይ ግን፣ ያ እጅ ማንኪያ መያዝ ያቃተው ጊዜ ማን እንደያዘለት እያሰበች ነበር። ማሰቧ አናደዳት።

ነጂብ የመጣው በገበያ ቀን ነው። መንገዱ ከየገጠሩ በሚመጣ ሰው በተሞላበት ሰዓት፣ ሁለት ባጃጅ ሙሉ ዕቃ አስጭኖ፤ የብየዳ ማሽን፣ መቁረጫ፣ ራዲያተር፣ በካርቶን የታሸገ ካርቡራተር። የውጭውን በር አንኳኳ። እትዬ በዛወርቅ ከበረንዳው ሆነው «ይግቡ» አሉ፤ ማን መሆኑን ሲያዩ ተነሡ። ዝማሬ ከቤት ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ በዛወርቅ።»

እትዬ በዛወርቅ ሰላምታውን አልመለሱም። በካፊኖኖ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ ከሩቅ የመጣ ዘር ከደጃቸው ምን እንዳመጣው ጠየቁ። ነጂብ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያው በካፊኖኖ፣ ለታላቅ ሰው በሚሰጥ አክብሮት መለሰላቸው። የተወለደው እዚሁ ቦንጋ መሆኑን፣ ሌላ አገር እንደማያውቅ ነገራቸው። ሴትዮዋ ለአፍታ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ በአማርኛ መቆጣት ሳይቀላቸው አልቀረም።

«ምን ፈለግክ?»

«መኪናዋን ልሠራ ነው።»

«እሱን ብቻ ነው?»

ነጂብ ዝማሬን አላየም። አጥር ላይ የተንጠለጠሉትን ጎረቤቶችም አላየም። «አይደለም፣ እትዬ። ለመኪናዋ ብቻ ቢሆን ሌላ ሰው እልክ ነበር። ልጅዎን እወዳታለሁ። በድያታለሁም። ሁለቱንም እዚሁ ደጅዎ ላይ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ዛሬ መልስ እንዲሰጡኝ አልጠበቅኩም።»

«መልስማ አለኝ» አሉ እትዬ በዛወርቅ። «አይሆንም! ስማኝ፤ አይሆንም ነው። እናትህ ከዲጃም ብትጠየቅ ከዚህ የተለየ አትልም።»

«ገባኝ፣ እትዬ» አለና ቱታውን ለመልበስ አጎነበሰ።

ሴትዮዋ ሌላ ጠብ ጠብቀው ነበር መሰል፣ ባዶ ሜዳ ላይ የቀሩ መሰሉ። ከበረንዳው ወርደው በጭቃው ላይ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ነጂብ ኮፈኑን ከፍቶ ነበር። «የምትቆርጠው የትኛውን ነው?» አሉ። አሳያቸው። ከሻንሲው ጋር አብሮ የኖረ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር ብረት። እትዬ በዛወርቅ ብዙ ቆመው አዩት። ዝማሬ እናቷ የሚያለቅሱ መሰላትና ወደ እሳቸው ተራመደች።

«ወልደሥላሴ» አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ «ያንን ሞተር ሲረግም ነው የኖረው።»

«ምን አልሽ እማዬ?»

«የሰማሽውን ነው። ሺሺንዳ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አስቁሞ አሳድሮናል! ምጥ ይዞኝ ሆስፒታል ስሄድ እንኳ፣ አንቺን ልወልድ፣ ቆሞብን ሰው በትከሻ ነው ያደረሰኝ። እሑድ እሑድ ሲወለውለው ‹እባክህ አታሳፍረኝ› እያለ ይለምነው ነበር እንጂ ወዶት አይደለም።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ነጂብ ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ቁረጠው። ግን በደንብ ሥራው፤ ልጄ ናት የምትነዳው። ቤቴ ደግሞ አትገባም። ውሃም ከፈለግክ እዚያ ቧንቧ አለ።»

ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው እንደተቋጠረ ነው፤ ዓይናቸውን ከነጂብ አልነቀሉም።

ዝማሬ ወደ መኪናዋ ቀረበች። በእሷና በነጂብ መካከል የተከፈተው ኮፈን ነበር። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ፂሙ አድጓል።

«አባትህስ?»

«ቁልፉን ተቀበለኝ። ጋራዥ ነው የማድረው።»

«አዝኜልህ አይደለም የጠየቅኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅርም አላልኩህም። ምናልባት አልልህም።»

«ይህንንም አውቃለሁ» አለ። «ብትይኝም ባትይኝም ይህቺ መኪና ዳገት ላይ አታቆምሽም። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የሚያመጣሽ ብልሽት አይኖርም። የምትመጪ ከሆነ ራስሽ ነሽ የምትመጪው።»

ነጂብ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና መቁረጫውን አስነሳ። የብረቱ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ የእሳቱ ፍንጣሪ እርጥብ መሬት ላይ እየወደቀ ጠፋ። አጥር ላይ ያሉት ሴቶች ጆሮአቸውን ይዘው እንኳ አልሄዱም። አንዷ ለሌላዋ በጣቷ ዝማሬን ታሳያለች። ከዚህ ቀደም ቢሆን ዝማሬ ፈቀቅ ትል፣ ስልክ የመጣላት ትመስል ነበር። አሁን ግን አልተንቀሳቀሰችም። ብረቱ ተቆርጦ ሲወድቅ ልቤ ይሰበራል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተሰበረም። ደረቷ ውስጥ ቁጣዋ ሙሉ ለሙሉ፣ እንደ ትኩስ ከሰል ተቀምጧል፤ ከጎኑ ደግሞ፣ ሳታባርረውና ሳትጠራው፣ ያ የድሮ ናፍቆት መጥቶ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም አላሳፈሯትም። እናቷ እያዩ፣ ጎረቤት እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነጂብ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ ቀረች።